ፈረስን አጋዘን ያለ ቋንቋ

ጭማቂ ቤት ገብቶ «አቮካዶና ማንጎ ስፕሪስ አድርገህ አምጣልኝ» የሚል የአዲስ አበባ ሰው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በጦርነት የተሸነፈ ሕዝብ ቃል አፉ ውስጥ እንዳለ አይጠረጥርም። አቮካዶ በትውልድ አገሩ በሜክሲኮ፣ አዝቴኮች በሚናገሩት በናዋትል ቋንቋ «አዋካትል» ነበር። ስፔናውያን አፋቸው እንደተመቸው «አጉዋካቴ» አሉት፤ ከእነሱ የተቀበሉት ሌሎች አውሮፓውያን ደግሞ አዙረው አጣምመው አቮካዶ አደረጉት። ወጥ ቤት ያለው ቲማቲምም የዚያው አገር ልጅ ነው። «ቶማትል» ተብሎ ተነሣ፤ በስፓኒሽ «ቶማቴ» ሆነ፤ ባሕር ተሻግሮ ዐረብኛ ዘንድ ሲደርስ «ጠማጢም» ተባለ፤ እኛ ዘንድ ሲገባ ቲማቲም ሆኖ ቀረ።

ቃላቱ እንዲህ ዓለምን ሲዞሩ ባለቤቶቻቸው ከተማቸውን አጥተዋል። ስፔናዊው ኤርናን ኮርቴስ የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን የያዘው ኦገስት 13 ቀን 1521 እ.ኤ.አ. ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፓኒሽና ናዋትል እንደ ጌታና ሎሌ በአንድ ግቢ ውስጥ ኖሩ።

የድል አድራጊ ቋንቋ የአገሬውን ሰው ቋንቋ ምን ያደርገዋል? ብዙ ሰው «ያጠፋዋል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄውን ይዘለዋል። የናዋትል ታሪክ እዚህ ላይ የሚጠቅመው በአንድ ዕድል ምክንያት ነው። የቋንቋው ተናጋሪዎች፣ ናዋዎች፣ ከወረራው በኋላ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ኑዛዜያቸውን፣ የመሬት ሽያጫቸውን፣ አቤቱታቸውን በገዛ ቋንቋቸው እየጻፉ ስላስቀመጡ፣ ባዕዱ ቋንቋ መቼ በየትኛው በር እንደገባ በወረቀት ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ማስረጃ የተረፈለት የተሸነፈ ሕዝብ ጥቂት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በአንዲት ሴት ነው። በ1519 በታባስኮ ጠረፍ የማያ ሹማምንት ለኮርቴስ ሃያ ሴቶችን እጅ መንሻ ሰጡት። ከመካከላቸው አንዷ ናዋትል የአፍ መፍቻዋ ሲሆን በባርነት በኖረችበት አገር ማያኛ ተምራ ነበር። ኮርቴስ ደግሞ መርከቡ በ1511 ተሰብሮ በማያዎች መካከል ስምንት ዓመት የኖረ ኼሮኒሞ ደ አጊላር የሚባል ስፔናዊ አግኝቷል። ኮርቴስ በስፓኒሽ ለአጊላር ይነግረዋል፤ አጊላር በማያኛ ለሴቲቱ፤ እሷ በናዋትል ለአዝቴኮቹ ንጉሥ ለሞክቴዙማ መልእክተኞች። መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። የአንድ አህጉር ዕጣ የተወሰነው በሁለት አፍ በተላለፈ ንግግር ነው።

ስሟ ራሱ ትምህርት ነው። ስፔናውያን አጥምቀው ማሪና አሏት። ናዋትል «ር» የሚባል ድምፅ ስለሌለው ናዋዎቹ ማሊና አሉ፤ ሴቲቱ የተከበረች ናትና በስሟ መጨረሻ የአክብሮት ምልክታቸውን ጨምረው «ማሊንፂን» አደረጓት። አማርኛ ትልቅ ሰውን በግሡ ውስጥ «መጡ፣ ሄዱ» እያለ እንደሚያከብር፣ ናዋትልም በስሙ ጅራት ላይ ያከብራል። ስፔናውያኑ በተራቸው ይህን ሲሰሙ «ማሊንቼ» ብለው ያዙት። እነሱው ያወጡት ስም በናዋትል ምላስ ዞሮ፣ ለራሳቸው ባዕድ ሆኖ ተመለሰላቸው። ዛሬ ሜክሲኮ ውስጥ የአገሩን ንቆ የውጩን የሚያመልክ ሰው «ማሊንቺስታ» ተብሎ ይሰደባል። በእጅ መንሻነት ተላልፋ የተሰጠች በባርነት የኖረች ልጅ የአገር ክህደት ምሳሌ መደረጓ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ። ናዋዎች ከኮርቴስ ጋር የመጣውን ፈረስ ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። የስፓኒሹን ስም ግን አልተዋሱም። «ማሳትል» አሉት፤ ትርጉሙ አጋዘን ነው። በግ ሲያዩ ሱፉን ተመልክተው «ኢችካትል»፣ ጥጥ አሉት። ጠመንጃው እሳት የሚተፋ መለከት ተባለ። የስንዴ ዳቦ ደግሞ «የካስቲያ ቂጣ» ሆነ፤ ካስቲያ የስፔኖቹ አገር ናት። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ሎክሃርት ከወረራው በኋላ ስለነበሩት ናዋዎች በ1992 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ፣ ይህን ዘመን የመጀመሪያው ደረጃ ይለዋል። እስከ 1540ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከሰዎችና ከቦታዎች ስም በቀር ናዋትል ከስፓኒሽ የወሰደው ቃል እጅግ ጥቂት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ያልነው፣ ከእነዚሁ ከሜክሲኮ ሰዎች ማሳ ተነሥቶ የመጣውን በቆሎ በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» የምንለው፣ በዚሁ ዘዴ ነው። እንግዳውን ዕቃ በምናውቀው እንለካዋለን፣ ከባሕር ማዶ መምጣቱን እንጨምርበታለን፣ አለቀ። ቋንቋው ዕቃውን አስገብቶ ስሙን ደጅ ያስቀራል።

ግን ልጆች ተወለዱ። ፈረስ እያዩ ያደጉ፣ ስፔናዊ ጎረቤት ያላቸው፣ ገበያ ላይ ስፓኒሽ የሚሰሙ ልጆች። ከ1545 አካባቢ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል የስፓኒሽ ስሞች ወደ ናዋትል እንደ ጎርፍ ገቡ፤ ፈረሱም አጋዘንነቱን ትቶ ከስፓኒሹ «ካባዮ» የተወሰደውን «ካዋሎ» የሚል ስም አገኘ። (በጉ ግን ቆየ። በብዙ የናዋትል መንደሮች ዛሬም ጥጥ ነው።) ሁሉም ቃል ሲገባ በር ላይ ይፈተሻል። ናዋትል ብ፣ ድ፣ ግ፣ ፍ እና ር የሚሉ ድምፆች ስላልነበሩት ፔድሮ የሚለው ስም «ፔቶሎ» ሆነ። ሸሚዝ በስፓኒሽ «ካሚሳ» ነው፤ ናዋዎቹ የራሳቸውን የስም መድረሻ ቀጥለውበት «ካሚሻትሊ» አሉት። የእኛው ሸሚዝም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የካሚሳ ዘመድ ነው። ላም ደግሞ «ዋካሽ» ተባለች። ይህ ቃል በስፓኒሽ «ላሞች» ማለት ነው፤ ናዋዎቹ የብዙ ቁጥሩን ለአንዲት ላም ሰጧት። የሚስቅ ካለ ቀስ ይበል፤ «ካልሲ» ከጣሊያንኛ ሲመጣ ብዙ ቁጥር ነበር፣ እኛ ግን «ካልሲዎች» እንላለን።

በዚህ ዘመን አንድ የማይጠበቅ ነገር ሆኗል። የድል አድራጊው ወገን የተሸናፊውን ቋንቋ ቁጭ ብሎ ተማረ። የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ሕዝቡን ለማጥመቅ ናዋትል አስፈለጋቸው። አንድሬስ ደ ኦልሞስ የተባለው መነኩሴ የናዋትልን ሰዋስው በ1547 ጽፎ ጨረሰ፤ የእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ሰዋስው መጽሐፍ የታተመው በ1586 ነው። አሎንሶ ደ ሞሊና በ1571 ታላቁን የናዋትልና የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ከናዋ ሊቃውንትና ጸሐፍት ጋር ለብዙ ዓመት ደክሞ፣ የሕዝቡን አማልክት፣ መድኃኒት፣ ንግድና የወረራውንም ታሪክ የያዘ የአሥራ ሁለት ክፍል መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በአንዱ ዓምድ ናዋትል፣ በሌላው ስፓኒሽ። መጽሐፉ ዛሬ ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ይገኛል። የስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ ሁለተኛም በ1570 ናዋትል የኒው ስፔን፣ ማለትም የሜክሲኮ ግዛቱ፣ ተወላጆች የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ሲል ደነገገ። ለተወላጁ ፍቅር ኖሮት ሳይሆን፣ በመቶ ቋንቋ ከማስተዳደር በአንድ ማስተዳደር ስለሚቀል ነው።

ሕዝቡም የመነኮሳቱን ፊደል ለራሱ ጉዳይ አዋለው። ቺማልፓይን የሚባል የቻልኮ ተወላጅ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሜክሲኮ ከተማ ተቀምጦ ዜና መዋዕል በናዋትል ይጽፍ ነበር። በ1614 ከጃፓን የመጡ መልእክተኞች ወደ ከተማዋ ሲገቡ ያየውን በቋንቋው መዝግቦታል።

ከእነዚህ ወረቀቶች ሁሉ ኢትዮጵያዊ አንባቢን የሚያስቆመው አንድ ቃል ግን በኑዛዜና በውል ግርጌ ላይ ነው ያለው። የናዋ ሹማምንትና ጸሐፍት ሰነዱን ሲዘጉ «ኖፊርማ» ብለው ይጽፋሉ። «ኖ» በናዋትል «የኔ» ማለት ነው፤ ቀሪው ፊርማ ነው። ፊርማዬ። ቃሉ ለእነሱ ከስፓኒሽ፣ ለእኛ ደግሞ ከእህቱ ከጣሊያንኛ ደረሰ። የሁለት ባሕር ዳርቻ ሰዎች ስማቸውን ወረቀት ላይ ለማኖር ከአንድ ቤት የወጣ ቃል ተዋሱ። አማርኛ ግን በዚህ አልቆመም፤ ቃሉን አኝኮ «ፈረመ፣ ተፈራረመ፣ አስፈረመ፣ ፈራሚ» አድርጎታል። ዛሬ «ፈረመ»ን ባዕድ የሚለው ሰው የለም።

ናዋትል እንዲህ ግስን እስከመንካት የደረሰው በሦስተኛው ደረጃ፣ ከ1640ዎቹ በኋላ ነው። ዘዴውን አንድ ጊዜ ካገኘው በኋላ ግን ማንኛውንም የስፓኒሽ ግስ ማስገባት ቻለ። ያልተነካውን ግስ ይወስድና «ኦአ» የሚል የናዋትል ጅራት ይቀጥልበታል። ስፓኒሹ «ኖቲፊካር»፣ ማስታወቅ፣ «ኖቲፊካሮአ» ሆኖ በናዋትል ሕግ መርባት ይጀምራል። የአዲስ አበባ ወጣት «ዳውንሎድ አደረግሁ፣ ቻርጅ አድርጊልኝ» ሲል የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። «አደረገ» እንደ «ኦአ» ማጠፊያ ሆኖ የማይረባውን እንግዳ ግስ ያረባዋል።

ከዚህ በኋላ ለውጡ ከዓይን ይሰወራል። «ፒያ» የሚለው የናዋትል ግስ ድሮ መጠበቅ፣ ማስቀመጥ ማለት ነበር። ስፓኒሽ «አለኝ» ለማለት ራሱን የቻለ ግስ ስላለው፣ ናዋዎችም «ፒያ»ን ቀስ በቀስ በዚያ ቦታ ሾሙት። ቃሉ የአባት ነው፣ ሐሳቡ ግን የጎረቤት። ይህ ዓይነት ውሰት አይታይም፤ ቋንቋ አጥሪ ነኝ ባይም አይይዘውም። በአማርኛ «ሻወር ወሰድኩ» የሚል ሰው የተዋሰው ሻወርን ብቻ ይመስለዋል፤ «ወሰድኩ»ም አብሮ የመጣ መሆኑ አይታወቀውም። በዝምድና ስሞችም እንዲሁ ሆነ። ናዋትል ታላቅንና ታናሽን ሳይለይ «ወንድም» የሚል ቃል አልነበረውም፤ ሰዎቹ ከስፔናውያን ጋር በአበልጅነትና በጋብቻ ሲዛመዱ ግን የስፓኒሹን «ወንድም» እና «የአጎት ልጅ» ወሰዱ። በመጨረሻ «ግን»፣ «እስከ»፣ «ምክንያቱም» የሚሉት የስፓኒሽ ትንንሽ ቃላት ገቡ። እነዚህ የቤቱ ማገሮች ናቸው። ዕቃ ስም ከጓዳ ይቀመጣል፤ «ግን» ከገባ ግን እንግዳው ሳሎን ተቀምጦ ያወራል ማለት ነው።

ልብ የሚባለው የጊዜው አቆጣጠር ነው። ጦርነቱ በ1521 አልቋል፤ ቋንቋው ከሥሩ የተነካው ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሎክሃርት የሰጠው ምክንያት ቀላል ነው፦ ደረጃዎቹ የሄዱት ሁለቱ ሕዝቦች በዕለት ኑሮ በተቀራረቡበት መጠን ነው። ከ1520 ጀምሮ ፈንጣጣው፣ ከዚያም የ1545 እና የ1576 ታላላቅ ወረርሽኞች ተወላጁን ሲያመናምኑት፣ በሌላ ወገን ስፔናውያኑ በዙ፤ ናዋዎች በእርሻቸው፣ በቤታቸው፣ በእጅ ሥራ ቤቶቻቸው ተቀጠሩ። ሰይፍ ያላስገባውን ቃል ጉርብትና አስገባው።

እዚህ ላይ የእኛን ታሪክ ማስተያየት ይገባል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ ቆየ፤ የተወው ቃል ግን ጋራዥ ውስጥ ሞልቷል። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ፍሪሲዮን፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ላሜራ፤ አንድ መካኒክ እነዚህን ቢከለከል አፉን ተለጉሞ ይውላል። ወጥ ቤት ውስጥ ፓስታና መኮሮኒ፣ ዳቦ ቤት ፉርኖ፣ ከተማው ላይ ፒያሳና መርካቶ። የመርካቶ ሙሉ ስም በጣሊያኖቹ ዕቅድ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ ነበር፤ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት የወጣ ስም ነው። አገሬው የስሙን ስድብ ጥሎ ገበያውን ያዘ። አንዳንዶቹ ቃላት ከወረራው በፊትና በኋላ በኤርትራ በኩል እንደገቡም መዘንጋት የለበትም፤ እዚያ ጣሊያን ከ1890 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ገዝቷልና ትግርኛ የወሰደው ይበልጣል። ያም ሆኖ አማርኛ ከጣሊያንኛ «ግን» አልተዋሰም። አምስት ዓመት ለዕቃ ስም ይበቃል፣ ለማገር አይበቃም። ዛሬ በኤፍ ኤም ሬዲዮ «ሶ…»፣ «ባት…» እያለ ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው አቅራቢ ከሎክሃርት ደረጃዎች የትኛው ላይ እንደቆመ አንባቢ ይፍረድ። ይህን ያመጣው እንግሊዝኛ ደግሞ በጦር አልያዘንም።

አሸናፊና ተሸናፊ የሚለው ክፍፍልም ሲጠጉት ይደበዝዛል። ናዋትል ራሱ የገዢ ቋንቋ ነበር። አዝቴኮች ያስገበሯቸውን ሕዝቦች በገዛ ስማቸው አልጠሯቸውም፤ «ቾንታል» በናዋትል ባዕድ ማለት ነው፣ «ፖፖሉካ» ደግሞ የማይሰማ ነገር የሚንተባተብ። እነዚህ ስሞች በስፔናውያን መዝገብ ገብተው እስከ ዛሬ የሕዝቦች መጠሪያ ሆነው ቀርተዋል። ስፔናውያን በ1524 ወደ ደቡብ ሲዘምቱ ናዋትል ተናጋሪ አጋሮች ስለተከተሏቸው፣ የማያዎች አገር ጓቲማላ ዛሬም የምትጠራው በናዋትል ስም ነው። አማርኛም ቢሆን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከመንግሥት ጋር ወደ ደቡብ የተጓዘ ቋንቋ ነውና ለሌሎች የሰጠው ቃል ሁሉ በገበያ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

የተሸናፊው ቋንቋ ወደ ድል አድራጊው የሚገባበት ተገላቢጦሽም አለ። የሜክሲኮ ሰው በስፓኒሽ ሲያወራ ጓደኛውን «ኩዋቴ» ይለዋል፤ በናዋትል መንታ ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር ሆኗል። ግእዝ ግሱን ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ያደርጋል። ቮልፍ ሌስላውን የመሰሉ ምሁራን ይህንና ሌሎች ጠባዮችን ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች የመጡ ናቸው ይላሉ። የአገሬው ሰው አዲሱን ቋንቋ ሲይዝ የድሮውን አሰካክ ይዞ ገባ። አማርኛ የሚናገር ሁሉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስን ጨምሮ፣ የሴም ቃላትን በኩሽ አሰላለፍ ሲያሰልፍ ኖሯል።

ታዲያ ናዋትልን ምን ጎዳው? ውሰቱ አይደለም። ውሰቱ በበረታበት በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ናዋትል ችሎት የሚቆም፣ ርስት የሚያወርስ፣ እናት ለልጇ የምትናገረው ቋንቋ ነበር። አደጋው የመጣው ከሌላ በር ነው። በ1770 የስፔኑ ንጉሥ ካርሎስ ሦስተኛ የተወላጆች ቋንቋዎች እንዲጠፉና ስፓኒሽ ብቻ እንዲነገር አዋጅ አወጣ። በ1821 ሜክሲኮ ነፃ ስትወጣ ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም፤ አዲሲቱ አገር «አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ» ማለትን ከአውሮፓ ተማረች። የናዋትል የፍርድ ቤት ወረቀቶች ቆሙ። በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት በየገጠሩ ሲከፈት በስፓኒሽ ብቻ ተከፈተ፤ በናዋትል ያወራ ተማሪ የሚቀጣበት ቦታ ብዙ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት የገዛው ባዕድ ንጉሥ ያልቻለውን የራስ መንግሥት በጥቂት ትውልድ አቀላጠፈው።

ቢሆንም ሰዎች አልቀሩም። ከሜክሲኮ አብዮት መሪዎች አንዱ ኤሚሊያኖ ዛፓታ በ1918 በታላክስካላና በፑዌብላ አካባቢ ላሉ ታጣቂዎችና መንደርተኞች ሁለት ጥሪዎችን በናዋትል አጽፎ አስተላልፏል። ከሜክሲኮ ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው በሚልፓ አልታ የተወለደችው ሉዝ ኺሜኔስ አስተማሪ መሆን ትመኝ ነበር፤ የአብዮቱ ጦርነት መንደሯን አፈራረሰውና ከተማ ገብታ የሠዓሊዎች ሞዴል ሆነች። ዲዬጎ ሪቬራ በመንግሥት ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ሥሏታል። ሕዝቡ ፊቷን እንጂ ድምፅዋን አያውቅም ነበር። እሷ ግን የመንደሯን ታሪክ፣ ዛፓታ ሚልፓ አልታ ገብቶ ሕዝቡን በናዋትል ሲያናግር የተሰማትን ጭምር፣ ለምሁራን በናዋትል አጫውታ በ1965 አረፈች፤ ትረካዋ በ1968 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

በታላክስካላና በፑዌብላ መካከል ከ4,400 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ አለ። ናዋዎቹ «ማትላልኩዌዬ»፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለባሿ፣ ብለውት ነበር፤ ካርታው ላይ ግን ላ ማሊንቼ ነው፣ በዚያችው አስተርጓሚ ስም። በተራራው ግርጌ ባሉት መንደሮች ጄን ሂል እና ኬኔት ሂል የተባሉ የቋንቋ ምሁራን ለዓመታት ሰዉ እንዴት እንደሚናገር አጥንተው በ1986 መጽሐፍ አሳተሙ። መንደርተኞቹ ቋንቋቸውን «ሜክሲካኖ» ይሉታል። ሲናገሩ ስፓኒሹን እየቀላቀሉ ነው፤ ብዙዎቹ ከትንንሾቹ ቁጥሮች በላይ የሚቆጥሩትም በስፓኒሽ ነው። ይህ ግን ቋንቋው እንዲኖር ያደረገ ብልሃት ሆኖ ነበር።

ሂሎች ያስተዋሉት ሌላ ነገር ነው። በየመንደሩ «ይህ ንጹሑ ሜክሲካኖ አይደለም» እያሉ የሌላውን አነጋገር የሚያርሙ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ጊዜ እነሱ ራሳቸው ከተማ ሠርተው የተመለሱ፣ ከስፓኒሹ ዓለም ጋር የተነካኩ ናቸው። ንጹሕ የሚሉትን ቋንቋ ግን በዕለት ኑሮው የሚናገር የለም። የታረመው ወጣት ምን ያደርጋል? የተቀላቀለው ስህተት ነው ተብሏል፤ ንጹሑን አያውቀውም። ስለዚህ ስፓኒሽ ይናገራል፤ በዚያ ማንም አይስቅበትም። ሂሎች ይህ የንጽሕና ሙግት ቋንቋውን ከመጠበቅ ይልቅ ተናጋሪውን ዝም ያሰኘዋል ብለው ጽፈዋል። በዚህ የማይስማሙ አሉ፤ ይሁን እንጂ ማስረጃው ወደ ሂሎች ያደላል።

ሌላ ምሳሌ ለሚሻ ፓራጓይ አለች። እዚያ የተወላጆቹ ቋንቋ ጓራኒ ተወላጅ ባልሆነውም ሕዝብ አፍ ውስጥ ገብቶ፣ በ1992ቱ ሕገ መንግሥት ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። መንገድ ላይ የሚሰማው ግን «ጆፓራ» ነው፤ ቃሉ በጓራኒ ቅልቅል ማለት ሲሆን የአንድ ቅይጥ ምግብም ስም ነው። ሊቃውንቱ ቅልቅሉን ይነቅፉታል፤ ሕዝቡ ይናገረዋል፤ ጓራኒም ይኖራል። እንግሊዝኛ ራሱ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ግማሽ ጎኑ በፈረንሳይኛና በላቲን ቃል የተሞላ ቋንቋ ነው። ዛሬ ሞተ የሚለው የለም።

ሜክሲኮ በ2003 የተወላጆችን የቋንቋ መብት የሚያስከብር ሕግ አውጥታለች። በ2020ው ቆጠራ 1.65 ሚሊዮን ያህል ሰው ናዋትል እናገራለሁ ብሏል፤ ከማንኛውም የአገሪቱ ተወላጅ ቋንቋ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ነገር ግን የተወላጅ ቋንቋዎች ተናጋሪ ሁሉ ተደምሮ 7.3 ሚሊዮን ገደማ፣ ከሕዝቡ 6 በመቶ አካባቢ ነው፤ በነፃነቱ ጊዜ ደግሞ የሚበዛው ሕዝብ ይናገራቸው ነበር። በየመንደሩ አያት በናዋትል ትጠይቃለች፣ የልጅ ልጅ በስፓኒሽ ይመልሳል።

ይህን የመሰለ የኢትዮጵያውያን ቤት ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም ሞልቷል። እዚያ ማንም አልወረረንም፤ ልጁ ግን «እማዬ፣ ዛሬ ቲቸሯ ሆምወርክ አልሰጠችም፣ ባት ነገ ቴስት አለን» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ነው። «ባት» ገብታበታለች፤ «አልሰጠችም» ግን በደንብ ረብቷል፣ «አለን» በቦታው ተቀምጧል። እንግዳ ፊት አታርሙት፣ ዘመድ ሰብስባችሁም አትሳቁበት። ስለ ፈተናው ጠይቁት፣ በአማርኛ።